ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን ዱለስ፦ 13 ሰዓት ነው፣ 15 ተኩል ነው ወይስ 22 ተኩል?

የአዘዞው ልጅ | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2:20

እንዴት አመሻችሁ ቤተሰብ። እናቴ ነሐሴ 8 ቨርጂኒያ እህቴ ጋ ልትሄድ ነው። ዕድሜዋ 68 ነው፣ ከባሕር ዳር አልፋ አታውቅም፣ አውሮፕላን ስትሳፈርም የመጀመሪያዋ ነው። «ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ ጎንደርና ዱለስ ብዬ ሞላሁ። 11,180 ኪ.ሜ.፣ 13 ሰዓት ገደማ አለኝ። ነገርኳት፣ ደስ አላት።

ትኬቱ መጣ። እንዲህ ይላል፦

ኦገስት 14 ከጎንደር 16:40፣ አዲስ አበባ 17:50
ኦገስት 14 ከአዲስ አበባ 22:40፣ ዱለስ 08:10 (በማግስቱ)

ይህን ስቆጥር 15 ሰዓት ተኩል መጣ። እህቴ ደወለችና «ኧረ 22 ሰዓት ተኩል ነው፣ እማዬን አታታላት» አለችኝ። የቱን ልመን? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ማራኪ 07 | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2:41

ሦስቱም ልክ ናቸው፣ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። ድረ ገጹ የነገረህ አንድ አውሮፕላን ከአዘዞ፣ ከጎንደር አየር ማረፊያ፣ ተነስቶ የትም ሳያርፍ ዱለስ ቢገባ የሚፈጀውን ነው። እንዲህ ያለ በረራ የለም። 15 ተኩል ያልከው ደግሞ የትኬቱን ሰዓት እንዳለ ቀንሰህ ነው። ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል። ነሐሴ ላይ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። 15 ተኩል ላይ 7 ደምር፣ የእህትህን ቁጥር ታገኛለህ።

በነገራችን ላይ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። እነሱ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓታቸውን ወደኋላ ስለሚመልሱ 8 ይሆናል፣ በማርች ሁለተኛው እሑድ ተመልሶ 7። እኛ ሰዓታችንን አንነካም።

የአዘዞው ልጅ | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2:58

ተባረክ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከ22 ተኩል ውስጥ ቦሌ የምትቆየውን 4 ሰዓት ከ50 ስቀንስ 17 ሰዓት ከ40 ይቀራል። የጎንደር አዲስ አበባውን 1 ሰዓት ከ10 ሳወጣ፣ ከአዲስ አበባ ዱለስ 16 ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው። ያው ድረ ገጽ ግን ከአዲስ አበባ ዱለስ 13 ሰዓት ነው የሚለው። ሦስት ሰዓት ተኩሉ የት ገባ?

ሳሙና በር | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3:05

ዱለስ መሆኑን አረጋግጥ እንጂ! የእኛ ሰው ዳላስ እያለ ነው የሚጠራው። ዳላስ ቴክሳስ ነው፣ ሌላ አገር በለው። እናትህን ቴክሳስ ጥለህ እህትህ ቨርጂኒያ ስትጠብቅ እንዳታድር 😀

ጋሽ ካርታ | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3:47

ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ። ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ርቀቱን ለእኔ ተዉት። ሰዓቱን የሚያውቅ ይመልሳል።

ከጎንደር ቦሌ በአየር 420 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። በመኪና በባሕር ዳር በኩል ስትሄዱ ከ700 ኪ.ሜ. በላይ ነው፣ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ የወረደ ያውቀዋል። ከቦሌ ዱለስ ደግሞ 11,560 ኪ.ሜ. ገደማ። ሲደመር 11,980 ይሆናል። አንተ ያገኘኸው 11,180 ነው። 800 ኪ.ሜ. ልዩነት የመጣው እናትህ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሆና ሳለ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ስለምትወሰድ ነው። ልብ በሉ፣ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ይልቅ ለጎንደር ትቀርባለች፣ በ380 ኪ.ሜ. ያህል።

የሚገርመው ሌላው ነገር መስመሩ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ አይታችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብትሰምሩ በቻድና በኒጀር አድርጎ በማሊና በሞሪታኒያ በኩል የሚወጣ ይመስላችኋል። ሉል ካላችሁ ክር ወጥሩበት። ክሩ የሚያልፈው በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ ከዚያ ስፔንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ነው። አትላንቲክ መሃል ላይ ሲደርስ 45 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ይወጣና ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። ዋሽንግተን እራሷ 39 ዲግሪ ላይ ናት። አጭሩ መንገድ ወደ ላይ ወጥቶ የሚወርደው ነው።

ይኸው ክር ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 180 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ፣ ከጣና ምዕራብ በኩል ያልፋል። እናትህ ከአዘዞ ተነስታ፣ አዲስ አበባ ወርዳ፣ በሌሊት ወደ አገሯ አቅጣጫ ተመልሳ ነው የምትሄደው። ይህ እንግዲህ በክሩ ነው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሳ ወዲህ የዚያ ሰማይ በአብዛኛው ስለተዘጋ አውሮፕላኖች መዞር ግድ ሆኖባቸዋል፣ የሚበረረው ርቀት ከክሩ ይበልጣል።

የራምፑ | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 4:30

ጋሼ አሳምረው አስረዱ። እኔ አውሮፕላን ሥር ብዙ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ሰዓቱን ልመልስ።

የጠፋው ሦስት ሰዓት ተኩል ነዳጅ ለመሙላት የሚታረፍበት ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያርፋል። እንደ ዘመኑ ሮምም፣ ደብሊንም፣ የቶጎዋ ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ለመውረድ፣ ነዳጅ ለመሙላት፣ ሠራተኛ ለመቀየርና እንደገና ለመነሳት የሚሄደው ጊዜ ነው 13ቱን 16 ተኩል የሚያደርገው።

አውሮፕላኑ አቅም አንሶት አይደለም። ቦይንግ 787ም ሆነ ኤርባስ ኤ350 በወረቀት ላይ ከ13,000 ኪ.ሜ. በላይ ይበራሉ። ችግሩ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፣ ሞተርም የሚገፋው አየር ስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል። መንደርደሪያው ደግሞ ያው ነው። ስለዚህ ክብደት ይቀነሳል። ሰውና ሻንጣ ትተህ አትሄድም፣ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። በጎደለ ነዳጅ ትነሳለህ፣ ዝቅ ያለ አገር ታርፍና ትሞላለህ።

ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል፣ የሞቀ አየር የሳሳ ነውና። ረጅሙ በረራ በሌሊት መነሳቱ በዚህ በኩልም ይጠቅማል።

ዱለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሲመለስ ታንኩን ጢም አድርጎ ነው የሚነሳው፣ በቀጥታ አዲስ አበባ። በዚያ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲመጣ በ10 ኪ.ሜ. ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። መመለሻዋን አይተኸዋል?

የአዘዞው ልጅ | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 4:44

አሁን አየሁት። ከዱለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ይላል። 20 ሰዓት፣ 7 ሲቀነስ 13። ድረ ገጹ ያለው ማለት ነው! ስትመለስ ልክ ነው፣ ስትሄድ ነው ያልገጠመው።

ቆላ ድባ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 1:15

ነዳጅ ሰበብ ነው። ሎሜ የሚታረፈው የምዕራብ አፍሪካ ሰው ለመጫን ነው። ንግድ በሉት፣ እኛ ተሳፋሪዎቹ ጊዜያችንን እንከፍላለን።

የራምፑ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 2:02

ወንድም ቆላ ድባ፣ ግማሹን ልክ ነህ። ሎሜ የአስካይ አየር መንገድ መናኸሪያ ነው፣ የእኛ አየር መንገድም እዚያ ድርሻ አለው፣ ስለዚህ ሎሜ ማረፍ ተሳፋሪም ያመጣል። ግን ከቦሌ የምትነሳበት ክብደት ካልፈቀደልህ ንግዱ ኖረ አልኖረ ማረፍህ አይቀርም። ማረፍህ ካልቀረ ደግሞ ገበያ ያለበት ብታርፍ ምን ኃጢአት አለው?

ጋሽ ካርታ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 3:30

ክርክሩን በቁጥር እንየው። ከአዲስ አበባ ዱለስ በሮም በኩል ቢኬድ ከቀጥታው የሚጨምረው 150 ኪ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። በደብሊን ቢኬድ 270። ሁለቱም መንገዱን ብዙም አያስረዝሙትም፣ አውሮፕላን በአሥርና በሃያ ደቂቃ የሚጨርሰው ነው። በሎሜ ከተኬደ ግን ወደ 1,190 ኪ.ሜ. ይጨምራል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በረራ። እንግዲህ ለነዳጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሎሜን የሚመርጥ አይኖርም ነበር። ቆላ ድባን በዚህ እደግፈዋለሁ፣ ያውም ለእኔ ለሽማግሌው ጉልበት ደብሊን ይሻለኛል።

አንገረብ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 4:12

እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ለጎንደር ትቀርባለች ካላችሁ ለምን ከአዘዞ በቀጥታ አይነሳም? ስሙን አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ብለው ጠርተው በአገር ውስጥ አውሮፕላን ብቻ ያስቀሩታል። መይሳው ቢሰማ ምን ይል?

የራምፑ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 4:40

መይሳው ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ ያሠራ ሰው ነው፣ «መንደርደሪያውን አርዝሙት» ይል ነበር 😀

ቀልዱን ትተን፣ አዘዞ ከቦሌ ዝቅ ይላል፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ይህ ይጠቅመዋል። ግን መንደርደሪያው 2,780 ሜትር አካባቢ ነው። የቦሌዎቹ 3,700 እና 3,800 ናቸው፣ ያም ሆኖ በሙሉ ነዳጅ አያስነሱም። ሰው ጭኖ 11,000 ኪ.ሜ. የሚሄድ አውሮፕላን ከአዘዞ ይነሳ ብትል ገና ከፖርቱጋል ሳይደርስ ነዳጅ ይለምናል። ከመንደርደሪያውም በላይ ተሳፋሪው ነው ጥያቄው። በየቀኑ ሦስት መቶ ሰው ከጎንደር ወደ ዋሽንግተን አይሄድም። ቦሌ ላይ የሚሰበሰበው ከጎንደርም፣ ከመቀሌም፣ ከናይሮቢም፣ ከጆሃንስበርግም ነው፣ አውሮፕላኑ የሚሞላው በዚያ ነው።

ወደ አዘዞ የሚመላለሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሽክርክሪቱ ኪው400 ነው። በሰዓት 650 ኪ.ሜ. ያህል ይበራል፣ አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ትኬቱ 1 ሰዓት ከ10 የሚለው መሬት ላይ የሚንቀሳቀስበትንና ተራ የሚጠብቅበትን ጨምሮ ነው።

ትርሲት አሌክሳንድሪያ | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 3:10

ወንድሜ፣ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና እናትህን እንይ። እኔ እዚህ ነው የምኖረው፣ ከጎንደር እናቶችን ስንቀበል ኖረናል። ብዙ ነገር አለ።

መጀመሪያ ዊልቸር አስመዝግብላቸው። መራመድ ስለማይችሉ አይደለም። ገፊው መንገዱን ያውቃል፣ ከአገር ውስጡ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ያሻግራቸዋል፣ ኢሚግሬሽን ያቀርባቸዋል፣ ዱለስ ላይ ደግሞ ሻንጣ አውርዶ እስከ እኛ ያመጣቸዋል። ክፍያ የለውም። ትኬት ቢሮ ደውለህ ከአሁኑ ይመዝገብ፣ የዕለቱ ዕለት ስትጠይቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ያ ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ። አደራህን ደጋግመህ ንገራቸው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ እናቶች «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን አንስተው መተላለፊያው ላይ ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ ከመቀመጫ አይወረድም፣ አንዳንዴ ግን ሎሜ ላይ የሚወርድ ሰው አለ። አጠገባቸው ያለው ሲወርድ ተከትለው የሚነሱት ለዚህ ነው። እንዲህ በላቸው፦ «አንድ ጊዜ ያርፋል፣ ቁጭ በይ። ሁለተኛ ሲያርፍ ነው የደረስሽው።» አስተናጋጆቹ አማርኛ ይችላሉ፣ ሲሳፈሩ «ብቻዬን ነኝ ልጄ» ብለው ለአንዷ ይንገሩ፣ በቃ እናታቸው አድርገው ነው የሚያደርሷቸው።

ሦስተኛ፣ የእህትህ ስምና ስልክ፣ የምትኖርበት አድራሻ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደመጡ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በወረቀት ይያዙ። ስልክ ውስጥ ብቻ አይሁን፣ ባትሪ ያልቃል። ዱለስ ላይ የሚጠየቁት ያንኑ ነው።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። ከ16 ሰዓት በላይ ስለሆነ በየተወሰነ ጊዜ ተነስተው በመተላለፊያው ይመላለሱ፣ እግር ያብጣል፣ ደም ሊረጋም ይችላል። ውሃ ይጠጡ። «ሽንት ቤት እንዳላበዛ» ብለው ውሃ የሚተዉ እናቶች አሉ፣ እሱ ነው የሚጎዳቸው።

የአዘዞው ልጅ | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 3:52

እህቴ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዊልቸር የሚለውን ስነግራት «እግሬን ምን ሆንኩ ብለህ ነው!» ብላ ተቆጣች። ገፊው መንገድ ያውቃል ስላት ግን «እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለች።

ሁለት ጥያቄ፦ ነሐሴ 8 ፍልሰታ ነው፣ እሷ ደግሞ በጾም ወተት አጠገቧ አያልፍም። ምን ትበላለች? ሌላው፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ቂቤ... እህቴ ያዘዘችው ዝርዝር አያልቅም።

ትርሲት አሌክሳንድሪያ | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 4:20

የጾም ምግብ ቀድሞ ይታዘዛል፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት። ትኬቱን ስታስተካክል አብረህ አስመዝግብ። ዳቦ ቆሎ በእጅ ቦርሳ ይያዙ፣ ለመንገድም ለጾምም ይሆናል።

ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ ስናስመጣ ኖረናል። ምግብ ይዘዋል ወይ ሲባሉ «አዎ» ይበሉ፣ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው። ቋንጣ ግን አይታሰብም፣ ሥጋ ከእኛ አገር አይገባም፣ ይወሰድባቸዋል። እህትህን ባውቃት ኖሮ ቋንጣውን ተይ እላት ነበር 😀

ሳሙና በር | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 4:33

ቂቤውንስ? ቂቤው ሳይመለስ ቀረ።

ትርሲት አሌክሳንድሪያ | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 4:37

ቂቤው በፍልሰታ አይወራም!

ማራኪ 07 | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 1:40

አንድ የተረሳ ነገር አለ፣ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። 22:40 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:40 ነው፣ 16:40 ከቀኑ 10:40። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። በትኬት አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፣ ለእኛ ደግሞ ሌሊቱ ገና ያው ሌሊት ነው። የእናትህ ትኬት 22:40 ስለሆነ ተርፋለች። በረራው 00:30 ኦገስት 15 ቢሆን ኖሮ ቦሌ መገኘት ያለባት ነሐሴ 8 ማታ ነው፣ ነሐሴ 9 ማታ ስትሄድ አውሮፕላኑ ካለፈ አንድ ቀን ሊሆነው ነው። ይህን ውይይት የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ ልብ ይበል።

አንገረብ | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 2:25

የ16:40ው የጎንደር በረራ ነው እኔን ያሳሰበኝ። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ አዘዞ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ ሰማዩ ይጠቁርና ነጎድጓዱ ይጀምራል። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ካልመጣ ወደ አዲስ አበባም አይሄድም። በጠዋቱ ይሂዱ።

ቆላ ድባ | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 2:50

በጠዋትም እኮ ጉም ይተኛል። ጠዋት ቢሄዱ ቦሌ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው፣ የ68 ዓመት ሴት። 4 ሰዓት ከ50 በቂ ነው።

የራምፑ | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 3:15

ጉሙ ይገፈፋል፣ ከሰዓት በኋላ የመጣ ዝናብ ግን ከምሽቱ ጋር ይገናኛል። ጠዋት የዘገየ በረራ በቀን ውስጥ ይደርሳል፣ የ10:40ው ከተሰረዘ የሚቀጥለው በማግስቱ ነው። እኔ ከአንገረብ ጋር ነኝ።

ከዚህ የሚበልጥ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ናቸው? ትኬት ቁጥሩ አንድ ከሆነ፣ የጎንደሩ ቢዘገይና የዋሽንግተኑ ቢያመልጣት በሚቀጥለው የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ያመለጣት ባመለጣት ነው። የአክስቴን ልጅ አንድ የትኬት ቢሮ በርካሽ ብሎ ለየብቻ ቆርጦላት፣ ከላሊበላ ስትዘገይ አዲስ ትኬት ገዝታ ነው የሄደችው። ሻንጣም እንደዚያው ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ አዘዞ ላይ የሰጠሃት ሻንጣ ዱለስ ነው የምትወጣው፣ የአሜሪካው የኪሎ መጠንም ከጎንደር ጀምሮ ይሠራል። የሻንጣው መለያ ወረቀት ላይ አይ-ኤ-ዲ (የዱለስ መለያ ፊደላት) መጻፉን አይተህ ነው ከአዘዞ የምትወጣው።

የአዘዞው ልጅ | ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 9:30

ዛሬ ፒያሳ ትኬት ቢሮ ሄጄ መጣሁ። ትኬቱ አንድ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ጠዋቱ ቀየርነው፣ 08:30፣ ማለትም ጠዋት 2:30። አክስታችን ገርጂ ስላለች ቀኑን እሷ ጋ ጋደም ብላ፣ ምሳዋን በልታ፣ አመሻሹ ላይ ቦሌ ትሄዳለች። ዊልቸሩም የጾም ምግቡም ተመዝግቧል።

አሁን ቁጥሩ 30 ሰዓት ከ40 ሆነ! 13 ብዬ ነግሬያት ነበር። እናቴ ግን ምን እንዳለች ልንገራችሁ፦ «ገርጂ የምተኛውን ለምን ትቆጥረዋለህ?»

ጋሽ ካርታ | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1:05

እናትህ ሒሳብ ታውቃለች።

ለማንኛውም ጄምስ ብሩስ የሚባለው እስኮትላንዳዊ መንገደኛ ከጎንደር የወጣው በ1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፣ በሰናርና በኑቢያ በረሃ አድርጎ ካይሮ የገባው በ1773 መጀመሪያ። ከዓመት በላይ፣ ያውም ካይሮ ድረስ ብቻ። 30 ሰዓት ምን አላት።

ወገራ | ሐምሌ 13፣ ጠዋት 4:00

ውይይቱን ሳነብ ቆየሁ፣ እኔም ልጠይቅ። ወንድሞቼ እስራኤል ናቸው፣ በጥቅምት ልሄድ ነው። ከጎንደር ቴል አቪቭስ ስንት ነው? እንደዚሁ ነዳጅ ይሞላል?

ጋሽ ካርታ | ሐምሌ 13፣ ጠዋት 4:48

ልጄ፣ ያንተ ዙሩ ይብሳል። ከጎንደር ቴል አቪቭ በክሩ 2,180 ኪ.ሜ. ያህል ነው፣ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ። ግን መጀመሪያ 420 ወደ ደቡብ ትሄዳለህ፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ 2,590። ሲደመር 3,010። የዋሽንግተኗ እናት በመቶ ሰባት ያህል ስትጨምር አንተ በመቶ ሠላሳ ስምንት ትጨምራለህ።

የራምፑ | ሐምሌ 13፣ ጠዋት 5:10

ነዳጅ አይሞላም፣ ከቦሌ በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ከቦሌ መነሳት አያስቸግርም። ጥቅምት ላይ ሰማዩም ጠርቷል፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን የጎንደር በረራ ብትይዝ አትፍራ። ትኬቱን ግን በአንድ አስቆርጥ።

ወገራ | ሐምሌ 13፣ ጠዋት 5:22

እሺ የኔ ጌታ። ቋንጣስ?

ትርሲት አሌክሳንድሪያ | ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 8:15

ቋንጣውን ተዉት አልኩ እኮ! የሁላችሁም ጥያቄ ቋንጣ ላይ ያልቃል።